የተገለበጠው ኮት

አባቴ አንድ መሐላ ነበረው። ሁለተኛ ልጁን ለመንግሥት ሠራተኛ አይድርም። ሁለተኛዋ ልጁ እኔ ነኝ።

መሐላውን ያመጣችብኝ ታላቅ እኅቴ ናት። ያገባት የግብርና ሠራተኛ መልካም ሰው ነበር፤ ሠርጉ ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ ግን ዝውውር ደረሰውና ይዟት ወደ ደቡብ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለለቅሶ መጥታ። «የመንግሥት ሠራተኛ ቤት የለውም፤ ሻንጣ ነው ያለው» ይል ነበር። እናቴ ስትናደድ አማርኛ ያልቅባታልና በኽምጣኛ ትሞግተዋለች። እሱ ግን በሁለቱም ቋንቋ አይሸነፍም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ መኪናውን አስቀምጦ ይሰፋል። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የሚያስገባ ሳይሆን ሲቀር፣ በርጩማ ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሥራዬ መተርተር ነበር። ሰው መስፋትን እንጂ መተርተርን ከሙያ አይቆጥረውም። እስቲ የሌላ ሰው ስፌት፣ ጨርቁን ሳትነኩ፣ በምላጭ ፈትታችሁ አምጡ፤ ያኔ እናወራለን።

የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራችን ኮት መገልበጥ ነበር። የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልንገራችሁ። ኮት ሲለበስ ፊቱ ያልቃል፤ ክርኑ ይሳሳል፣ ትከሻውን ፀሐይ ይበላዋል፣ ኮሌታው በላብ ይጠቁራል። ውስጡ ግን ገበሩ ስለሚጋርደው እንደተሸመነ ይቆያል። ስለዚህ ኮቱ እስከ መጨረሻው ስፌት ይተረተራል፣ ጨርቁ ይታጠባል፣ በከሰል ካውያ ይተኮሳል፣ ከዚያ ውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ እንደ አዲስ ይሰፋል። ባለቤቱ አሮጌ ሰጥቶ አዲስ ይወስዳል። የማይደበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ይወጣል፤ አቆላለፉም እንደ ሴት ልብስ ይሆናል። የአገሩ ወንድ ሁሉ ኪሱ በቀኝ ስለነበር ማንም በማንም አይስቅም ነበር። ከጋዝጊብላ ለገበያ የሚመጣው ገበሬ መፋቂያውን፣ የቢሮው ጸሐፊ ስክሪብቶውን፣ ሁሉም በግራ እጃቸው ከደረታቸው ሲመዙ ነው የማስታውሳቸው።

ከበረንዳችን የሚጣል ጨርቅ አልነበረም። ከሱሪ የተረፈው ለሌላ ሱሪ ጉልበት ይሆናል፤ ከዚያ ያነሰው የሕፃን ቆብ። ለዚያም የማይበቃው እራፊ ከመኪናው ሥር በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ሲሞላ ትራስ ይሞላበታል። ክር እንኳ ቢሆን የኩራዝ ፈትል ይሆናል። አባቴ ይህን የሚያደርገው በስብከት አልነበረም። አንድ ጊዜ ጥፍር የምታህል ቁራጭ መሬት ላይ ጥዬ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ አነሳና «ይቺንም የፈተላት ሰው አለ» አለኝ። የእናቴ እንዝርት ከቤታችን ጥግ እንደማይጠፋ ያውቅ ነበርና ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም።

ታዲያ እሱ ራሱ የሚለብሰው ኮት የአገሩ መሳቂያ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? የእሱን ኮት ለመገልበጥ ተራ የደረሰው አንድም ቀን አልነበረም።

ከዚያ ቦንዳ መጣ። የጭነት መኪና ከወልዲያ በኩል እየጫነ ያወርደዋል፤ ነጋዴዎቹ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ይበትኑታል። የማን ገላ ላይ እንደነበረ የማይታወቅ ልብስ፣ ሹራቡም ኮቱም ጃኬቱም ተደበላልቆ ይከመራል። ገበያተኛው ወንድም ሴትም ተንበርክኮ ይቆፍራል። ነገሩ ርካሽ ነበር፤ ደግሞም ያምራል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እኔም አንድ ቀይ ሹራብ ከዚያ ክምር ውስጥ አውጥቼ ወደድኩት። ለአባቴ ሳሳየው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ውስጡን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰና «ጥሩ ሰፊ ነው» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ይሄን የሚጥል ሰው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቀው እውነት ገርሞት ነው።

ዓመት ሳይሞላ ኮት ማስገልበጥ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ኪሱ በቀኝ የሆነ ሰው ገበያ መሐል ሲታይ ጎረምሳው ይጠቃቀስበታል። በቀላሉ የሚገኝ ነገር በቀላሉ ይጣላልና፣ ክርኑ የተቀደደ የቦንዳ ኮት አጥር ላይ ተሰቅሎ ዝናብ ሲደበድበው ማየት ጀመርን። አባቴ እንዲህ ያለውን ሲያይ መንገድ አቋርጦ ሄዶ ቁልፎቹን ቆርጦ ይይዛል። ሥራው አልቆመም፤ የቦንዳውን ሱሪ የሚያሳጥር፣ ወገቡን የሚያስጠብብ ሞልቶ ነበር። የሚወደው ሥራ ግን ቀረበት።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አንድ ወጣት አመድማ ኮት በክንዱ ይዞ በረንዳችን ላይ የቆመው።

«ላስገለብጥ ነበር» አለ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «ቦንዳ ተራ እዚያ ማዶ ነው እኮ፣ ልጄ። ይሄንን ከማስገልበጥ ሌላ ማግኘት ይቀልሃል።»

«አውቃለሁ፤ እርስዎን ላለማድከም ብዬ ሄጄ አይቼ ነበር። ግን ይሄ የአባቴ ነው።»

ከአምደወርቅ የመጣ፣ ሰቆጣ ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ነበር። መምህር ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነው። ያን ቀን ግን እኔ ምን ቸገረኝ? ኮቱን ተቀብዬ ምላጬን አነሳሁ።

አንድን ሰው ከኮቱ ውስጥ በኩል መተዋወቅ እንግዳ ነገር ነው። በኪሶቹ ስፌት ውስጥ የጠመኔ ብናኝ ተጋግሯል። ብብቱ ሥር የተቀደደው ቦታ በነጭ ክር ተይዟል፤ አመድማ ኮት ላይ በነጭ ክር! ስፌቱ ዶሮ የጫረው ይመስላል። አንዱ ስፌት ሲለቅ በላዩ ላይ ሌላ ሰፍቶበታል፤ ሁለተኛው ሲለቅ ሦስተኛ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ መርፌ ሲያስገባና ሲያወጣ ታየኝና ሳቁ ቀረብኝ። አባቴ እጄ ሲቆም አይቶ ኮቱን ተቀበለኝ። ያንን ነጭ ክር ብዙ አገላብጦ ተመለከተ።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«ራሱ ይመስለኛል።»

«የሰፊ ጠላት» አለና መለሰልኝ።

ኮቱ ሲያልቅ ማማሩን ብታዩ! አባቴ ለረጅም ጊዜ ያልሠራውን ሥራ አገኘና እጁን አሳየበት። መምህሩ ለብሶት ሄደ። በሳምንቱ ቁልፉ ወልቆ መጣ። ተከልኩለት። ደግሞ ሌላው ወለቀ። እንደዚያ ቁልፍ የሚጥል ኮት አይቼ አላውቅም፤ ክሩን ባጠነክረው፣ በሰም ባሸው ያው ነው። ከተጋባን በኋላ ነው ራሱ እየበጠሰ ያመጣው እንደነበር የነገረኝ። እኔ ደግሞ ከሁለተኛው ቁልፍ ጀምሮ ጠርጥሬ እንደነበር አልነገርኩትም።

የአባቴን መሐላ ነገርኩት። ሲያስብ መዳፉን በሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር፤ ጠመኔ ባይኖርበትም። «ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ላክ፤ ግን አባቴ ውሸት አይወድም» አልኩት። ፈራሁ። እንደማይሰጠኝ እርግጠኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ አባቴን አስቀይሜ ደግሞ የትም አልሄድም። መሐላው ከጥላቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ እጣላው ነበር። የመጣው ግን ከናፍቆት ነው፤ ናፍቆትን በምን ትከራከሩታላችሁ?

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አንድ ቄስ፣ አንድ የሰፈራችን ጎረቤት፣ ፊት ፊት የሚመሩት ደግሞ የመምህሩ አጎት፤ ለዚሁ ጉዳይ ሲሉ ከአምደወርቅ የመጡ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው። እናቴና እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ነበርን። በቀዳዳው አጮለቅሁ። አጎትየው የለበሱት ያንን አመድማ ኮት ነው። አባቴ የገለበጠውን፣ እኔ የተረተርኩትን ኮት፣ ኪሱን በቀኝ አድርገው፣ አባቴ ቤት ለብሰውት መጡ።

እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አጎትየው ሰላምታውን በአክብሮት ለማድረግ ዝቅ ሲሉ ጠረረረ የሚል ድምፅ ተሰማ። ለቀጭን ጀርባ የተሰፋው ኮት መሐል ለመሐል ተተረተረ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ለሽማግሌው ሳይሆን ለስፌቱ ነበር። «አውልቁት፣ አውልቁት። ልጄዋ፣ መርፌ!»

መርፌና ክር አቀበልኩት። እሱም ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መስፋት ጀመረ። እነሱ ቆመው፣ እሱ ተቀምጦ እየሰፋ። «ቀጥሉ፣ እሰማለሁ» አላቸው።

አጎትየው ያለ ኮት ሲቀሩ ተደናገራቸው መሰል፣ ጉዳዩን ትተው ስለ ኮቱ ማውራት ያዙ። «መቼም አዲስ ልብስ እንዲህ ነው፤ ከደሴ ነው ያስመጣሁት፣ ገና አልተላመደኝም» አሉ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ቄሱ ሳሉ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እኔ ምን አደረግሁ?

አባቴ መርፌውን ሳያቆም «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ። ጥቂት ሰፋና «ብብቱ ሥርስ ቀድሞ ተቀዶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ አያውቅም።»

«በነጭ ክር የሰፋው ሰው የለም?»

አጎትየው ኮቱን አዩት፤ የአባቴን እጅ አዩት፤ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ካውያ አዩት። ማን ቤት እንደመጡ ያን ጊዜ ገባቸው። የልጅቱ አባት ነጋዴ በረንዳ ላይ እንደሚውል ብቻ ነበር የሰሙት፤ ነጋዴ መስሏቸዋል።

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ፣ ትከሻቸው ወርዶ። «የራሴ ጋቢ ለሰው ቤት የማይሆን አርጅቷል። ልጁ የአባቱን ኮት አውልቆ ሰጠኝ። ለእኔ ክብር ብሎ ነው። ውሸቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።»

«ልጁስ የት ነው?»

«ቤቱ ነው። ሌላ ኮት ስለሌለው ለጸሎት እንኳ አልወጣም።»

አባቴ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ኮቱን አራገፈ፣ ጀርባውን በመዳፉ ደለደለ። ለሰዎቹ ግን አልሰጣቸውም፤ ጭኑ ላይ እንዳለ ያዘው።

«መምህር መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «መሐላዬንም ሰምታችኋል። አንዷን ልጄን ሻንጣ ወስዶብኛል። እኔ ግን ሰው የማየው በውስጥ በኩል ነው፤ ሥራዬ ሆኖ። ያ ልጅ ሙያው ሳይኖረው የአባቱን ኮት ሲጠግን ኖሯል። ስፌቱ ሲለቅ ሰፋ፤ ሲለቅ ሰፋ። አቅቶት እንኳ አልጣለውም፤ ወደሚችል ሰው ይዞ መጣ። የያዘውን የማይጥል ሰው ለልጄ ፈልጌ ባጣ እንጂ፣ መጥቶ ከቆመ ምን እላለሁ?» ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ መሐላውን ምን ላድርገው?»

«መሐላውን ለእኔ ይተዉት» አሉ ቄሱ፣ ለዚሁ ነው የመጣሁት በሚል ድምፅ። ንስሐውም እዚያው ተነገረ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ያረጀ መጋረጃ እንዲጠግን። አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። እሱን ሳይታዘዝም ይሰፋው ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ አለቀስኩ፤ እናቴ በኽምጣኛ መረቀችን፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ስንጋባ ባሌ የለበሰው ያንኑ ኮት ነው። ጎረምሶቹ ሊጠቃቀሱ ሲሉ ሚዜዎቹንም፣ አጎትየውንም፣ ጎረቤቱንም አዩና ተዉት፤ ያረጀ ኮታቸውን ሁሉ አባቴ ለሠርጉ ብሎ ገልብጦላቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ኪሱን በቀኝ አድርጎ ሲጨፍር ማየት አሁንም ያስቀኛል። የአባቴ የራሱ ኮትም የዚያን ጊዜ ተገለበጠ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ እጅጌ ትንሽ ቢያጥርም አንድም ቃል አልተናገረም።

ባሌ ትንሽ ጊዜ ፃግብጂ ገጠር አስተማረ፤ ያ ለአባቴ ሩቅ አልነበረም፤ በገበያ ቀን እንገናኛለን። ከዚያ ሰቆጣ ተመለስን። ሴት ልጅ ወለድን፤ በእግሯ መሄድ ስትጀምር መንገዷ ሁሉ ወደ አያቷ መኪና ሆነ። ልጅቱ እራፊ ከረጢቱ ውስጥ እየተኛች አደገች ብል ማጋነን የለበትም። የኮቱ ሁለተኛ ፊትም በተራው አለቀ፤ ሦስተኛ ፊት ያለው ኮት ደግሞ የለም።

በመጨረሻ የፈራነው መጣ። ባሌ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። ማን ለአባቴ እንደሚነግረው ስንገፋፋ ከርመን እኔ ነገርኩት። የሚሰፋውን አላቆመም። ሲጨርስ «ብርድ ነው አሉ እዚያ» አለ። ከዚያ «ያንን ኮት አምጪልኝ» አለኝ።

አመጣሁለት። አንድ ላይ ተረተርነው። ያላለቀውን ቦታ እየፈለገ ቆረጠ፤ ከጀርባው፣ ከክንዱ ላይኛው ክፍል፣ ከኮሌታው ሥር። የተረፈውን ወደ ከረጢቱ ከተተው። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ክሩን በመርፌው የማስገባለት እኔ ነበርኩ። የወጣው የልጅ ኮት ነበር፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ያሉበትን የፊት ጠርዝ ግን እንዳለ ወስዶታል። ልጄ ለብሳ ስትቆልፍ አየኋት። አቆላለፉ የሴት ነው። በትክክል የእሷ ነው።

«ስንገለብጠው ለማን እንደሆነ ሳናውቅ ነው» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

እጅጌዋን ሳስተካክልላት ወፍራም ሆነብኝ። ገልብጬ አየሁት። አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ታችኛው ጠርዝም እንደዚያው።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ እጥፋት ለምንድን ነው?»

«ልጅ ያድጋል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለቀቃል።»

«እሺ፣ እኔ እለቅላታለሁ።»

«አንቺ ልቀቂ አልተባልሽም» አለ፣ መኪናውን በጨርቅ እየወለወለ፣ ሳያየኝ። «ለሻደይ በዓል ይዘሻት ነይ። እኔ ነኝ የምለቀው።»

ሙያዬ መተርተር ነው። ያንን እጥፋት የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እፈታዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ እጅጌው ከልጄ አንጓ ሸሽቶ ብርዱ ሲገባባት እንኳ ግን አልነካሁትም። ነሐሴ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ኮቱን ከሻንጣው ላይኛው ክፍል አድርገን አውቶቡስ እንሳፈራለን። ሰቆጣ ስንገባ ልጃገረዶቹ በየደጁ ይጨፍራሉ፤ አባቴ በረንዳው ላይ ምላጩን ይዞ ይጠብቀናል።

እንዲህ እያልን እጥፋቱ አለቀ። ያን ዓመት አባቴ ከረጢቱን ፈታና የዚያኑ ኮት ቁራጭ ፈልጎ አወጣ። እጅጌው ላይ ቀጠለበት። ተቀብዬ ውስጡን አየሁት። ቅጥያውም እጥፋት ነበረው።